የድሮ የጨዋታ መኪናዎችና የጨዋታ ጓደኞች

ሰው ከሥራው ቀጥሎ ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ከዕረፍትም ሁሉ አእምሮን የሚያድሰውና ልብን ደስ የሚያሰኘው ጨዋታ ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ ጨዋታ የሌለው ሕዝብ አይገኝም። በአገራችንም ሁለት ሰዎች ገበጣ ሲጫወቱ ያየ ሰው፥ ከሁለቱ ይልቅ በዙሪያቸው የቆሙት እንደሚበዙ፥ አንዱ «ያችን አንሣ» ሌላው «ተው፥ ትበላለህ» እያለ እንደሚከራከር ያውቃል። ጠጠሩን የሚያነሡት ሁለት ናቸው፤ የሚጫወተው ግን መንደሩ ሁሉ ነው።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍበት ያሰብነው ጨዋታ የጠጠርና የእንጨት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ነው። ይኸውም ከ50 ዓመት በፊት በአሜሪካና በጃፓን ተነሥቶ፥ ሳንቲም እየጐረሰ ሲያጫውት የኖረው የጨዋታ መኪና ነው። አንባቢዎቻችን «ይህ ደግሞ ለቤተ ሰብ ምን ይጠቅማል?» ብለው እንዳይጠይቁን፥ ወደዚህ አሳብ ያደረሰንን ነገር አስቀድመን እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቤታችን የሆነው ነገር

በቤታችን የ12 ዓመት ልጅ አለ። ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባና እስከ እራት ድረስ ድምፁ አይሰማም። ቢጠሩት አይመልስም፤ ቢመልስም «አንድ ጊዜ ብቻ፥ አሁን ልጨርስ ነው» ይላል እንጂ አይነሣም። ጨዋታውም መጨረሻ ያለው አይደለም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከፈታል። እኛም በመጀመሪያ መከርነው፤ ቀጥለን ተቈጣነው፤ በመጨረሻም ስልኩን ቀማነው። እርሱም አኩርፎ ሦስት ቀን ሙሉ ከማናችንም ጋር ሳይነጋገር ቈየ። ነገሩን ረጋ ብለን ስናስበው ግን፥ ስልኩ በእጁ ሳለም ቢሆን ከኛ ጋር አይነጋገርም ነበርና፥ ዕቃውን መቀማታችን ዝምታውን አልለወጠውም።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ አገር ለብዙ ዘመን የኖሩት አጎታችን ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ልጁን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡትና፥ «ልጄ፥ የምትጫወተው ምንድር ነው? እስቲ አሳየኝ» አሉት። እኛም ይህን ስንሰማ ደነገጥን። ከመካከላችን «ተው» ያላለው ሰው የለም፤ «ምን ትጫወታለህ?» ብሎ የጠየቀው ግን እስከዚያች ቀን ድረስ አንድም አልነበረም።

ልጁ እያፈረ ስልኩን ተቀብሎ አሳያቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ከተመለከቱ በኋላ፥ «አሁን ደግሞ እኔ በወጣትነቴ የተጫወትሁትን ላሳይህ» ብለው ኮምፒዩተራቸውን ከፈቱ። ከዚያም ሠሪው ኩባንያ ለዛሬ መሣሪያ እንዲስማማ አድርጎ እንደ ገና የሚሸጠውን አንድ የድሮ ጨዋታ አወጡለት። በዚያ ምሽት የሰማነውንና ከዚያም በኋላ መርምረን የተረዳነውን ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

የመኪናው አጀማመር

የድሮው የጨዋታ መኪና ቁም ሣጥን የሚያህል የእንጨት ሣጥን ነው። በፊቱ እንደ ቴሌቪዥን ያለ መስተዋት አለው፤ ከመስተዋቱ በታች አንድ የመምሪያ ዘንግና ጥቂት ቁልፎች፥ ከዚያም በታች ሳንቲም የሚገባበት ቀዳዳ አለው። ይህ መኪና በቡና ቤት፥ በፒዛ ቤት፥ በልብስ ማጠቢያ ቤትና ለዚሁ በተለዩ አዳራሾች ይቆም ነበር። አዳራሾቹንም አርኬድ ይሏቸዋል።

ከነዚህ መኪናዎች መካከል መጀመሪያ በሕዝብ ዘንድ ስሙ የገነነው ፖንግ ነው። በ1972 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አታሪ የተባለ ኩባንያ ሲቋቋም፥ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኖላን ቡሽኔል አላን አልኮርን የተባለውን ወጣት መሐንዲስ እጁን እንዲያፍታታበት ብሎ ቀላል የቴኒስ ጨዋታ እንዲሠራ አዘዘው። የተሠራውም በጥቁር መስተዋት ላይ ሁለት አጫጭር ነጫጭ መስመሮችና በመካከላቸው የምትመላለስ አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረ። ይህንንም ለመሞከር ሰኒቬል በምትባል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት አቆሙት። ከጥቂት ቀን በኋላ መኪናው ቆመ የሚል ወሬ መጣና አልኮርን ሊጠግነው ሄደ። ሣጥኑን ቢከፍተው የተሰበረ ነገር የለም፤ የሳንቲሙ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ስለ ፈሰሰ ብቻ ነው መኪናው የቆመው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ገንዘቡ ነው። እኛ ግን ልብ ያልነው ሌላውን ነገር ነው፤ ይኸውም ፖንግ ለብቻ የመጫወቻ መንገድ ያልነበረው መሆኑ ነው። ሊጫወት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «አብረኸኝ ትጫወታለህን?» ማለት ነበረበት።

ከ6 ዓመት በኋላ በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ጃፓናዊ ታይቶ ለተባለው ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለውን ጨዋታ ሠራ። በዚህ ጨዋታ 55 የጠላት ሠራዊት በ5 ረድፍ ተሰልፈው ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም ከግርጌ ሆኖ ይተኵስባቸዋል። ጠላቶቹ ባነሱ ቍጥር ፍጥነታቸው ይጨምራል። የዚህም ምክንያት የሚያስደንቅ ነው፤ የመኪናው የማስላት ኃይል ትንሽ ስለ ነበረ 55ቱን ሁሉ ለመሣል ይዘገያል፥ ጥቂት ሲቀሩለት ግን ሥራው ስለሚቀልለት ይፈጥናል። ሠሪውም ይህን ጉድለት አይቶ ሳያርመው ተወው፤ የተጫዋቹንም ልብ የሚያስደነግጠው ይኸው ሆነ።

በዚሁ ጨዋታ አንዳንድ ጊዜ ከላይ የምታልፍ አንዲት መርከብ አለች፤ ስትመታም የምትሰጠው ነጥብ ጊዜ ጊዜ ይለያያል። ተጫዋቾች ይህ ዕድል ብቻ ይመስላቸው ነበር። በኋላ ግን ጥይታቸውን እየቈጠሩ ምሥጢሩን ደረሱበት፤ በ23ኛው ጥይት፥ ከዚያም በኋላ በየ15ኛው ጥይት የተመታች እንደ ሆነ ከፍተኛውን 300 ነጥብ ትሰጣለች። ይህ በመኪናው ላይ የትም አልተጻፈም። አንዱ ሲጫወት ሌላው ከኋላው ቆሞ እየቈጠረ፥ የቈጠረውም ለሌላው እየነገረ ከከተማ ወደ ከተማ የተላለፈ ዕውቀት ነው።

ማታ ማታ የሚጠፋ ስም

አጎታችን በ1983 በሱዳን በኩል አልፈው ዋሽንግተን ከተማ ሲገቡ የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። ቋንቋውን በሚገባ አያውቁም፤ በከተማውም ዘመድ አልነበራቸውም። ቀን በአንድ ምግብ ቤት ሳሕን ያጥባሉ፤ ማታ በኪራይ ክፍላቸው ብቻቸውን ይቀመጣሉ። በሳምንት አንድ ቀን ልብሳቸውን ሊያጥቡ በሚሄዱበት ቤት ጥግ ላይ ግን አንድ የጨዋታ መኪና ቆሞ ነበር። ስሙ ጋላጋ ይባላል፤ ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1981 ያወጣው ነው።

በጋላጋ እንደ ተባይ ያሉ በራሪ ጠላቶች እየተሰለፉ ይመጣሉ፤ ከነሱም ታላላቆቹ ብርሃን እየዘረጉ የተጫዋቹን መርከብ ይማርካሉ። «አንድ ቀን እየተጫወትሁ ሳለሁ» አሉ አጎታችን፥ «ልብሱ እስኪታጠብለት የሚጠብቅ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጐልማሳ አጠገቤ ቆመና በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ተማረክ የሚለኝ መሰለኝ። የሚያላግጥብኝ ስለ መሰለኝ ፊቴን አዞርሁበት። እርሱ ግን ሩብ ዶላሩን አውጥቶ ተጫወተና አሳየኝ። ሆን ብሎ ተማረከ፤ በሁለተኛው መርከቡም ማራኪውን መታና የተማረከውን አስፈታ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መርከቦች ጎን ለጎን ሆነው በአንድነት ይተኵሱ ጀመር። በአሜሪካ ምድር በምልክትም ቢሆን ምክር የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።»

በመኪናው ላይ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ያገኙ 5 ሰዎች ስማቸውን በሦስት ፊደል ይጽፋሉ። አጎታችንም ከብዙ ሳምንት በኋላ ከ5ቱ መካከል ገቡና ሦስት ፊደላቸውን ጻፉ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን መኪናው መዝገቡን የሚያቆይበት መሣሪያ ስላልነበረው፥ የቤቱ ባለቤት ማታ ኤሌክትሪኩን ሲያጠፋ ስሞቹ ሁሉ አብረው ይጠፉ ነበር። «በማግስቱ ብመለስ ስሜ የለም። አዘንሁ። ነገር ግን በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች በነዚያ በሦስት ፊደሎች ጠርተው ሰላም አሉኝ። ከመስተዋቱ የጠፋው ስም በሰዎቹ አፍ ቀርቶ ነበር» ብለው ነገሩን።

ስለ ሳንቲሙና ስለ ወላጆች ፍርሃት

ስለነዚህ አዳራሾች መልካሙን ብቻ ብንጽፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። መኪናው የተሠራው ለትርፍ ነው። ጨዋታው ከባድ የሆነው ተጫዋቹ ቶሎ ተሸንፎ ሌላ ሩብ ዶላር እንዲጨምር ነው። የምሳውን ገንዘብ በዚያ የጨረሰ፥ ትምህርቱን ጥሎ የዋለ ልጅም አልጠፋም።

ስለዚህ ወላጆች ፈሩ። በቴክሳስ የምትገኘው የመስኪት ከተማ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ በነዚህ መኪናዎች እንዳይጫወት የሚከለክል ደንብ አውጥታ፥ ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1982 ታይቷል። በዚያው ዓመት የአገሩ የጤና ዋና ሹም የነበሩት ዶክተር ኤቨረት ኩፕ ስለ ልጆችና ስለነዚህ ጨዋታዎች ያላቸውን ሥጋት በአደባባይ ተናግረዋል። እንግዲህ እኛ ዛሬ ስለ ስልክ የምንለው ሁሉ ያን ጊዜ ስለ መኪናው ተብሏል።

ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ያልተጻፈ ሕግ ነበረ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሳንቲሙን በመስተዋቱ ግርጌ ጠርዝ ላይ ያኖራል፤ ያችም ሳንቲም «ቀጥሎ የኔ ተራ ነው» ማለት ናት። ሀብታም ቢሆን ድኻ፥ ትልቅ ቢሆን ትንሽ፥ ተራውን የሚያልፍ የለም። የተሸነፈ ይነሣል፤ ቀጥሎ ያለው ይገባል። ሳንቲሟ መጠን ሆነች፤ ከኋላ የቆመውም ሰው መጠን ሆነ። በጓዳ ውስጥ ባለው ስልክ ግን የሚያልቅ ሳንቲም አይታይም፤ ከኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ሰውም የለም።

የፓክ ማን ምሥጢር

ከነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ስሙ የገነነው በ1980 የወጣው ፓክ ማን ነው። የሠራው ቶሩ ኢዋታኒ የተባለ የናምኮ ሠራተኛ ነው። በዚያ ዘመን የጃፓን የጨዋታ አዳራሾች የወንዶች መዋያ ስለ ነበሩ፥ ሴቶችም ባልና ሚስትም አብረው እንዲመጡ ብሎ መግደልን ትቶ መብላትን የጨዋታው መሠረት አደረገ። አፉን የሚከፍት አንድ ቢጫ ክብ ነገር በጠባብ መንገዶች እየዞረ 244 ነጥቦችን ይለቅማል፤ አራት መናፍስትም ያሳድዱታል።

አራቱ መናፍስት የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀዩ ከኋላ ይከተላል፤ ሐምራዊው ተጫዋቹ ወደሚሄድበት ቀድሞ ሊጠብቀው ይሞክራል፤ ሰማያዊው የቀዩን ቦታ እያየ ከሌላ ወገን ይመጣል፤ ብርቱካናማው ደግሞ ከቀረበ በኋላ እንደ ፈራ ሰው ይመለሳል። ተጫዋቾች ይህን በመጀመሪያ በማየት ብቻ ተረዱት፤ በኋላ የመኪናውን ፕሮግራም መስመር በመስመር ያነበቡ ሰዎች መጡና እውነቱን አጸኑት።

የጨዋታውም መጨረሻ የታሰበ አልነበረም። መኪናው የደረጃውን ቍጥር የሚይዝበት ስፍራ ከ255 በላይ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ተጫዋቹ 256ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ይዛባና የመስተዋቱ ቀኝ እኩሌታ በተዘበራረቁ ፊደሎች ይሞላል፤ ከዚያም ወዲያ ማለፍ አይቻልም። አንድም ሕይወት ሳይጠፋበት፥ ሊገኝ የሚችለውን ሁሉ ለቅሞ እዚህ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ከፍተኛ ነጥብ 3,333,360 ነው። ይህን ለመፈጸም ከሦስት ሰዓት በላይ ቆሞ ልብን ሳይበትኑ መጫወት ያስፈልጋል።

የሚሞቱትን መኪናዎች ስለሚያድኑ ሰዎች

ዛሬ የነዚህ መኪናዎች ዕድሜ አልቋል። የድሮው የቴሌቪዥን መስተዋት እንደ ቀድሞው አይሠራም፤ ፕሮግራሙ የተጻፈባቸው ትንንሽ ክፍሎችም በዘመን ብዛት ጽሑፋቸው ይጠፋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባትሪ ያለባቸው ናቸው። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከ1993 ጀምሮ ባወጣቸው አንዳንድ መኪናዎች፥ ሌባ እንዳይገለብጣቸው ፕሮግራሙን በምሥጢር ጽሕፈት ቈልፎ ቍልፉን በባትሪ በሚጠበቅ ስፍራ አኖረው። ባትሪው ያለቀ ዕለት ቍልፉ ይጠፋል፤ ቍልፉም ሲጠፋ ጨዋታው ይሞታል። ተጫዋቾችም ይህን መኪና «ራሱን የሚያጠፋ» ብለው ሰየሙት።

እዚህ ላይ በየአገሩ የተበተኑ የጨዋታው ወዳጆች ተነሡ። በ1997 ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ኢጣሊያዊ፥ የድሮውን መኪና ሥራ ተራ ኮምፒዩተር እንዲሠራው የሚያደርግ ማሜ የተባለ ፕሮግራም አወጣ። በመጀመሪያ ያጫውት የነበረው ጥቂት ጨዋታዎችን ብቻ ነው፤ ብዙ ሰዎች ያለ ደመወዝ እየተጋገዙበት ግን ዛሬ በሺሕ የሚቈጠሩ መኪናዎችን አሠራር የሚያስረዳ መዝገብ ሆኗል። ያ የምሥጢር ጽሕፈት አሠራርም በ2007 ተፈታ። ይሁን እንጂ የጨዋታዎቹ ባለቤትነት የሠሪዎቹ ኩባንያዎች መሆኑ አልቀረም፤ ስለዚህ ሰው ሊጫወት ሲፈልግ በሕግ የተፈቀደውን ገዝቶ መጫወት ይገባዋል።

ጨዋታዎቹ በቤተ መዘክርም ክብር አግኝተዋል። በኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በ2012 ፓክ ማንን ከስብስቡ ጨመረ። በሮቸስተር ከተማ ያለው የጨዋታ ቤተ መዘክር ደግሞ በ2015 ፖንግንና ፓክ ማንን በክብር መዝገብ ጻፋቸው። በኒው ሃምፕሸር በላኮኒያ ከተማ ባለው ትልቅ የጨዋታ አዳራሽ ውስጥ የድሮ መኪናዎች በመጀመሪያው አኳኋናቸው ተጠብቀው፥ ጎብኚው ሳንቲም አግብቶ ይጫወትባቸዋል።

እነዚህ ወዳጆች በእርስ በርስ መጻጻፍ የሚከራከሩበት ሌላው ነገር ስለ እውነተኛነት ነው። ዎልተር ዴይ የተባለ አሜሪካዊ በ1981 በአይዋ ግዛት በኦተምዋ ከተማ አዳራሽ ከፍቶ፥ ከ1982 ጀምሮ የተጫዋቾችን ከፍተኛ ነጥብ በመዝገብ መያዝ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ «ይህን ያህል አገኘሁ» የሚል ሰው ማስረጃ ይጠየቃል፤ ጨዋታውም በፊልም ይታያል፥ በባለሞያዎች ይመረመራል። ተጭበረበረ ተብሎ ከመዝገብ የተሰረዘ ነጥብም አለ። ለምሳሌ በጋላጋ ሁለት ጠላቶችን ብቻ አስቀርቶ ሩብ ሰዓት ያህል በትዕግሥት የቈየ ሰው፥ በፕሮግራሙ ስሕተት ምክንያት ጠላቶቹ ከዚያ በኋላ መተኰስ ይተዋሉ። ይህን ማወቅ ሊቅነት ነው፤ በውድድር መጠቀም ግን ማታለል ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ገንዘብ በማያስገኝ ጨዋታ ስለ እውነት እንዲህ የሚከራከር ማኅበር፥ ለልጅ መጥፎ ምሳሌ አይደለም እንላለን።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ያን ምሽት ልጃችን የጋላጋን ሥዕል አይቶ «ይህማ የሕፃን ሥዕል ነው» ብሎ ሳቀ። ደቂቃ ሳይሞላው ግን ሦስቱንም መርከቦች ጨረሰ። ሁለተኛ ጀመረ፤ እንደ ገና ተሸነፈ። አጎታችን ተራቸውን ተጫውተው ከመለሱለት በኋላ፥ «ልጄ፥ ተማረክ» አሉት። እርሱም እንደዚያ ጊዜው ወጣት «ያሾፉብኛል እንዴ፥ ጋሼ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሲያሳዩት ግን ዐይኑ በራ። በተራው ተማረከ፤ ማራኪውን እመታለሁ ብሎም ቸኵሎ የገዛ ወንድሙን የተማረከችውን መርከብ መትቶ አጠፋት።

በዚህ ጊዜ የጮኸው ልጁ ብቻ አይደለም። እናቱ ወጡን ትታ ከበሩ ቆማ ነበር፤ አያቱም ከመደባቸው ቀና ብለው «ቀስ በል፥ ያንተን ሰው ነው የመታኸው» ይሉ ነበር። እኛም ሳናውቀው ከኋላው ቆመን «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እንል ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ በዚያ ቤት የልጁ ሳቅ ከእራት በፊት ተሰማ።

ሊተኛ ሲሄድም ልጁ ወደ አጎታችን ተመልሶ፥ «ጋሼ፥ ያ በልብስ ማጠቢያው ቤት ያስተማርዎ ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ሦስት ፊደሉን ብቻ ነው የማውቀው። ቋንቋውን ስለማመድ ሙሉ ስሙን እጠይቀዋለሁ ስል፥ ሰፈሩን ለቆ ሄደ» አሉት።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ምሽት ነገሩ ሁሉ አልተፈጸመም። ልጁ ዛሬም አንዳንድ ቀን ያኰርፋል፤ እኛም አንዳንድ ቀን እንቈጣለን። ነገር ግን ስልኩን ስንመልስለት ሥርዐት አበጀንለት፤ ሥርዐቱንም የተማርነው ከነዚያ መኪናዎች ነው።

አንደኛ፥ ልጅ የሚጫወተውን ጨዋታ ወላጅ ሳያይ አይፍረድ። አንድ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ «ይህ ምንድር ነው? እንዴትስ ይሸነፋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከጠየቀ በኋላ የሚሰጠው ምክር ይሰማለታል።

ሁለተኛ፥ ጨዋታ መጠን ይኑረው። በድሮው መኪና ሳንቲሟ መጠን እንደ ነበረች፥ በቤትም ሦስት ተራ ወይም አንድ ሰዓት ተብሎ አስቀድሞ ይወሰን። ልጁ «አሁን ልጨርስ ነው» ሲል ሊጨርስ የሚችልበት ስፍራ መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ይልቁንም ዛሬ በየስልኩ ሳይታወቅ በጥቂት በጥቂቱ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ጨዋታዎች ስላሉ፥ ወላጅ የገንዘቡን ቍልፍ በእጁ ይያዝ።

ሦስተኛ፥ መጫወቻው ስፍራ ጓዳ ሳይሆን ቤተ ሰቡ የሚቀመጥበት ክፍል ይሁን። ጨዋታውም የሚቻል እንደ ሆነ ተራ የሚለዋወጡበት ይሁን።

አራተኛ፥ በከተማችን ልጆች እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው ቤቶች አሉ። «እንዳትሄድ» ብሎ መከልከል ብቻ ልጁን ወደ መደበቅ ይመራዋል። ይልቅስ ወላጅ አንድ ቀን አብሮ ሄዶ ቤቱን ይይ፤ ማን እንደሚውልበት፥ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፥ ምን እንደሚያስከፍል ይወቅ። መልካም ካልሆነም ምክንያቱን አሳይቶ ይከልክለው።

አጎታችን ወደ አሜሪካ ከተመለሱ ወዲህ እሑድ እሑድ ማታ ከልጁ ጋር በስልክ ይነጋገራሉ፤ የሳምንቱንም ነጥባቸውን አንዱ ለሌላው ይነግራል። የልጁ ነጥብ ገና ከእሳቸው በታች ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከምሳ በኋላ አያቱ ጠርተውት፥ «ያቺን የሚማረኩባትን እኔም ልሞክራት» አሉት። እርሱም ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው፤ ከኋላቸውም ቆሞ ተራውን ጠበቀ።